ጎረቤት የማይሰማው ዎኪ ቶኪ የትኛው ነው?

ይህን ጥያቄ ኢንተርኔት ላይ ባለ የመወያያ መድረክ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ሜሪላንድ ውስጥ ባለ ደብር አስተናጋጆችን አስተባብራለሁ። ፓርኪንግ የሚያሲዙት፣ በር ላይ የሚቆሙት፣ ወጥ ቤቱና ቤዝመንት ያለው የልጆች ክፍል እስካሁን የሚጠራሩት በስልክ ነው። ቅዳሴ መሃል ስልክ አይነሳም፤ ቢነሳም ያሳፍራል። ስለዚህ ዎኪ ቶኪ ልንገዛ ነው። ርቀቱ ግማሽ ማይል አይሞላም። የጠየቅኩት ሁለት ነገር ነው፦ የትኛውን እንግዛ፣ ደግሞስ የምናወራውን ሌላ ሰው እንዳይሰማ ምን ይደረጋል?

ዋናው ሁለተኛው ነው። በሬዲዮ የልጅ ስም ይጠራል። የየትኛዋ እናት መኪና የት እንደቆመ ይነገራል። የምጽዋቱ ገንዘብ በየትኛው በር፣ በማን እጅ እንደሚወጣ ይነገራል። ይሄ መንገደኛ የሚሰማው ወሬ መሆን የለበትም። ያየነው ሬዲዮ ካርቶን ላይ ደግሞ 121 የግል ኮድ እንዳለው በትልቁ ተጽፏል። እውነት የግል ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

መልሱ ጎረፈ። የመልሶቹ ክር ረዝሞ ወዲያና ወዲህ ስለተበታተነ፣ ዘግይቶ ለመጣ ሰው እንዲመች ማን ምን እንዳለ በየመልሱ ቁጥር ልንገራችሁ። መሃል መሃል ላይ የራሴን ሐሳብ ጣል አደርጋለሁ።

1 ቁጥር ላይ የመለሰችው እህት ከቨርጂኒያ ናት። ሰላምታዋን አቅርባ፣ እነሱ ከመደብር ጥንድ ጥንዱን ገዝተው እየሠሩበት እንደሆነ፣ ፈቃድ እንደማይጠይቅና ያስቸገራቸው ነገር እንደሌለ ነገረችኝ። ስለ ሚስጥሩም አትስጋ የሚል ነው ሐሳቧ። 22 ቻናል በ121 ኮድ ሲባዛ 2662 ምርጫ ይሆናል፤ ማን ደርሶ ያገኛችኋል ነው ነገሩ። 2 ቁጥር ይህንኑ ደግፎ፣ 35 ማይል ይሄዳል የሚለውን እንድንገዛ መከረ። ከበዛ አይጎዳም ብሎ።

3 ቁጥር ላይ የገቡት አባት ዕድሜያቸውን የሬዲዮ ጥገና ላይ ያሳለፉ ናቸው። የሁለቱን ልጆች ቅንነት አመስግነው ካበቁ በኋላ ነገሩን ከሥሩ አስረዱ። ኮዱ ቁልፍ አይደለም። ስናወራ ሬዲዮው ከድምፃችን ጋር አንድ ዝቅ ያለ ድምፅ አብሮ ይልካል። ከ67 እስከ 250 ኸርትዝ ባለው ውስጥ ነው፤ ሬዲዮው ስፒከሩ ጋ ሳይደርስ ቆርጦ ስለሚያስቀረው እኛ አንሰማውም። ተቀባዩ ሬዲዮ የተሞላለትን ድምፅ ካላገኘ ዝም ይላል፤ ካገኘ ይከፍታል። 38ቱ ኮዶች እንዲህ ናቸው። የቀሩት 83ቱ ያንኑ ሥራ በዲጂታል ምልክት ይሠራሉ፤ ድምሩ 121 የሆነው ለዚህ ነው። የሁሉም ሥራ አንድ ነው፤ የሌላው ወሬ እኛ ጋ እንዳይገባ መከልከል። የእኛ ወሬ ግን እንደ ልቡ ይሄዳል። የራስን ጆሮ በጥጥ ደፍኖ ጎረቤት አይሰማኝም እንደማለት ነው አሉ።

አየር ላይ ያሉት 22 ቻናሎች ብቻ ናቸው። ኮዱን 0 ላይ ያደረገ ማንኛውም ሰው፣ የስካን ቁልፉን ተጭኖ የሚጠብቅ ሕፃን ሳይቀር፣ ሁሉንም ይሰማል። ከዚህም ሌላ ሁለት ቡድኖች አንድ ቻናል ላይ በተለያየ ኮድ ካወሩ አንዱ የሌላውን ወሬ አይሰማም እንጂ ሞገዳቸው ይጋጫል። አንዱ ሲያወራ ሌላው መልእክቱ ለምን እንደጠፋበት አይገባውም። 2662 የሚባለው ቁጥር ስንቱን እንዳሳሳተ ሳስብ ያናድደኛል። ሰው የልጁን ስም አምኖ የሚናገረው ያን ካርቶን አይቶ ነው።

ስለ 35 ማይሉም አልማሯቸውም። እነዚህ ሬዲዮዎች 462 እና 467 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ነው የሚሠሩት፤ ሞገዱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል እንጂ ኮረብታ አይዞርም። ሜዳ ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎች፣ መሃላቸው ምንም ባይኖር እንኳ፣ ከ6 ማይል ገደማ በኋላ የመሬቱ ክብነት ይጋርዳቸዋል። ቤትና ዛፍ ባለበት ሰፈር አንድ ማይል ከሄደ ጥሩ ነው። 35 ማይል የሚሆነው ከተራራ ጫፍ ወደ ሸለቆ ሲታይ ነው፤ የእኛ ፓርኪንግ ደግሞ ተራራ ላይ አይደለም።

4 ቁጥር የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ነው። የሱን ታሪክ እስካሁን አልረሳሁትም። ሠርግ ላይ መኪና ያስተናግዱ ነበር። አንዱ ልጅ በሬዲዮ፣ ሙሽሪት ገና ቤት እንዳለች፣ ሊሞዚኑ እንደዘገየና የቤቷን አድራሻ ቁጥር በቁጥር ተናገረ። ወዲያው የማያውቁት የሕፃን ድምፅ፣ በጠራ አማርኛ፣ እኔ እዚያው መንገድ ላይ ነኝ፣ ልጠራት ወይ ብሎ ጠየቀ። ከሁለት ቤት በታች የሚኖር ልጅ በልደቱ የተሰጠውን ሬዲዮ ይዞ ጊቢ ውስጥ ይጫወት ነበር። ልጁ ምንም ክፋት የለውም። ያስደነገጣቸው ከሱ በፊት ማን ሲሰማ እንደዋለ አለማወቃቸው ነው። ኮድ አድርገው ነበር ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ አዎ፣ የመጀመሪያውን ኮድ፣ አለ። ሳጥን ከፍቶ ቻናል 1፣ ኮድ 1 ላይ የሚተወው ሰው ብዛቱ ይህን ያህል ነው።

5 ቁጥር ይህን ሳያነብ ነው መሰለኝ፣ አማርኛ ካወራን ማን ይገባዋል አለ። ከዚህ በኋላ ነው ድምፁ የተቀየረው። 6 ቁጥር እሳት ጎርሳ መጣች። አበሻ በሞላባቸው በአሌክሳንድሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በፎልስ ቸርች ውስጥ አማርኛ ሚስጥር ነው የሚል ሰው ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው ስትል ጻፈች። አልፎ ተርፎ፣ ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ መቼ እንደሚወጣ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከውጭ ዜጋ ይልቅ ከራሳችን ቢሆንስ ብላ ጠየቀች። አነጋገሯ ከረር ያለ ነበር፤ ሐሳቧ ግን ልክ ነው። እኔም ከዚህ የሚሻል መልስ የለኝም። በእነዚህ ቻናሎች የሚተላለፈውን ማዳመጥ በአሜሪካ ሕግ ወንጀል እንዳልሆነም ያስታወሰችው እሷ ናት። የሰማን ሰው ልንከሰው አንችልም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

7 ቁጥር ሌላ መንገድ አመጣ። ጂ ኤም አር ኤስ የሚባለውን፣ ከመደብሩ ሬዲዮ የበለጠ ኃይል የሚፈቅደውን የሬዲዮ ፈቃድ አውጡ፣ ፈተና የለውም፣ 35 ዶላር ነው፣ 10 ዓመት ያገለግላል፣ ኃይሉም እስከ 50 ዋት ይደርሳል ሲል በደስታ ጻፈ። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ችግሩ ግን 8 ቁጥር ላይ ወጣ። ፈቃዱ የሚሰጠው ለግለሰብ ነው። የሚጠቀሙትም ባለፈቃዱና ቤተሰቡ ብቻ ናቸው። ማኅበር፣ ድርጅት፣ ቤተ ክርስቲያን አዲስ ፈቃድ አይወጣላቸውም። ቤተሰብ የሚለው በሕጉ ተዘርዝሯል፦ ባልና ሚስት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ወላጅ፣ አያት፣ እህት ወንድም፣ አጎት፣ አክስት፣ የእህት የወንድም ልጅ፣ አማች። የአጎት ልጅ የለም።

እዚህ ላይ ክሩ ለጥቂት ጊዜ መንገድ ሳተ። 9፣ 10 እና 11 ስለ ሬዲዮ ምንም አላሉም። አብሮኝ ያደገው የአክስቴ ልጅ ወንድሜ ካልሆነ ማን ነው ወንድሜ የሚል ክርክር ተነሳ። አንዷ እህት በአጎቷ ልጅ ስፖንሰርነት አሜሪካ እንደገባች፣ በቅጽ ላይ ግን ዝምድናቸውን የሚጽፉበት ቦታ አጥተው እንደተቸገሩ አወራች። ከርዕሱ ውጭ ቢሆንም ሆድ ይበላል። 8 ቁጥር ተመልሶ፣ ሕጉን የጻፈው የአሜሪካ የሬዲዮ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤፍ ሲ ሲ እንጂ እሱ እንዳልሆነ በጨዋነት ተናግሮ ወደ ጉዳዩ መለሰን። አንድ ነገር ጨመረ። በጂ ኤም አር ኤስ የጥሪ ምልክትህን በየ15 ደቂቃውና ንግግርህን ስትጨርስ መናገር አለብህ፤ ያውም በእንግሊዝኛ። ወሬው በአማርኛ ቢሆንም። የተሰወረ ትርጉም ያለው የሚስጥር ንግግርም እዚያ ክልክል ነው። እንግዲህ ለሚስጥር ብሎ ወደዚያ የሚሄድ ሰው የማይሆን ቦታ ነው የሄደው።

12 ቁጥር ላይ ጠቡ ገነነ። አንድ ወንድም፣ ይሄን ሁሉ ምን አመጣው፣ ባኦፌንግ የሚባለውን ርካሽ የቻይና ሬዲዮ ግዙ፣ በ25 ዶላር፣ ባዶ ፍሪኩዌንሲ ፈልጉና አውሩ፣ ማንም አያገኛችሁም አለ። በፎቶ አስደግፎ ሬዲዮውን አሳየ። 13 ቁጥር ወዲያው ነው የመለሰለት፤ በሰላምታም አልጀመረም። ባዶ የመሰለህ ፍሪኩዌንሲ የሆስፒታል፣ የባቡር ወይ የእሳት አደጋ ሊሆን ይችላል፤ ስላላወሩ የለም ማለት አይደለም ሲል ጻፈ። በነፃ ለሕዝብ የተፈቀዱት ቻናሎች ላይም ቢሆን ያ ሬዲዮ አይፈቀድም። ፈቃድ የማይጠይቀው፣ ከመደብር ጥንድ ጥንዱን የሚሸጠው ዓይነት፣ ኤፍ አር ኤስ ይባላል፤ አንቴናው የማይነቀል መሆን አለበት፣ ኃይሉም ከ2 ዋት አይበልጥም። የዚያ ሬዲዮ አንቴና ይነቀላል፣ ኃይሉም ከዚያ በላይ ነው። ቅጣቱ በሺዎች ዶላር ሊሄድ ይችላል።

12 ቁጥር ተመልሶ እኛ ስንቱን አይተናል፣ ማንም አልቀጣንም አለ። 13 ቁጥር ደግሞ አንተ ለራስህ ቅጣት ብትደፍር ግድ የለኝም፣ ፈቃደኛ ሆነው ለሚያገለግሉ ልጆች እጅ ላይ ግን አታስይዛቸው አለው። ሁለቱ ሲወራወሩ አንዱ የሌላውን ትምህርት ደረጃ እስከመጠየቅ ደረሱ፤ የመድረኩ አስተዳዳሪ 15 ቁጥር ላይ ገብቶ አስቆማቸው። እኔ በዚህ ከ13 ቁጥር ጋር ነኝ። የዕቃው ርካሽነት ይገባኛል፣ እኛም ገንዘባችን የምእመናን ነው። ግን ደብር በስሙ ሕግ የሚጥስ ዕቃ ገዝቶ ለ17 ዓመት ልጅ አይሰጥም።

ከጠቡ በኋላ 3 ቁጥሩ አባት ተመልሰው ክሩን አረጋጉት። ሁላችሁም ስለ ዋት ትጨቃጨቃላችሁ፣ ልጁ የጠየቀው ግን ግማሽ ማይል ነው አሉ። ሚስጥር የሚፈልግ ሰው ትልቅ ኃይል ሳይሆን ትንሽ ኃይል ነው የሚበጀው። ከኤፍ አር ኤስ 22 ቻናሎች ከ8 እስከ 14 ያሉት በግማሽ ዋት የተወሰኑ ናቸው፤ ሌሎቹ እስከ 2 ዋት ይሄዳሉ። ለፓርኪንግ ግማሽ ዋት ይበቃል፣ የሚሰማው ሰው ክበብም ይጠባል። በተጨማሪም ከ15 እስከ 22 ያሉት ላይ የጂ ኤም አር ኤስ ሰዎች ሪፒተር፣ ማለትም ድምፅ ተቀብሎ አጉልቶ የሚያስተላልፍ ጣቢያ፣ ተክለው በ50 ዋት ይጮኻሉ፤ እዚያ ከሄዳችሁ ይውጧችኋል። ይህን ምክር ማንም አልነገረኝም ነበር። ሰው ሁሉ የሚገፋው ወደ ትልቁ ነው።

17 ቁጥር የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከቴክሳስ ወደ ኦሃዮ እየሄደ ዕረፍት ላይ ሆኖ ነው የጻፈው። ሲቢ የሚባለውን የሹፌሮች ሬዲዮ ግዙ አለ። 40 ቻናል አለው፣ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ሹፌሮች 19 ላይ ስለ አደጋና ስለ መንገድ መዘጋት ይነጋገራሉ። ከዚያ ስለ ዋዮሚንግ በረዶ ቀጠለ፤ ሌሎች ሹፌሮችም ተጨመሩበትና ጨዋታው ደራ። መሃል ላይ አንዱ፣ ሲቢ 27 ሜጋኸርትዝ ላይ ስለሆነ አንቴናው እጅ ላይ ለመያዝ እንደማይመችና፣ ሁሉም የሚሰማው አደባባይ እንደሆነ አስታወሰ። ለመንገድ ወርቅ ነው። ለእኛ አይሆንም።

18 ቁጥር፣ ስልክ ላይ እንደ ዎኪ ቶኪ የሚሠራ አፕ ይበቃል አለች። ቡድኑን በይለፍ ቃል መዝጋት ይቻላል፣ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። 19 ቁጥር ግን ጥምቀትን አነሳ። ሕዝቡ ሜዳ ላይ ሲወጣ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታቦቱን ቪዲዮ ሲያነሳና ሲልክ ኔትወርኩ ይታፈናል፤ ልጅ የጠፋ ቀን አፑ ክብ እየሠራ ይቀራል። እኔ ራሴ ያየሁት ነው። ሬዲዮ የሚያስፈልገው ልክ ስልክ እምቢ ባለበት ሰዓት ነው። እዚያው ላይ ስለ ባትሪ የጻፈው ነገርም ጠቃሚ ነው። ጥምቀት ጥር ላይ ነው፣ እዚህ አገር ጥር ማለት ብርድ ነው፤ ተራው አልካላይን ድንጋይ በብርድ ቶሎ ይደክማል። ሬዲዮውን ካፖርት ውስጥ ይዞ ማይክራፎኑን ብቻ ኮሌታ ላይ ማድረግ ይሻላል አለ።

20 ቁጥር፣ ምርስ የሚባለውን አነሳ። እንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤም ዩ አር ኤስ ነው። 5 ቻናል ብቻ ነው ያለው፣ 151 እና 154 ሜጋኸርትዝ ላይ። 2 ዋት፣ ፈቃድ የለም፣ ለንግድም ለድርጅትም ይፈቀዳል፣ ውጭ አንቴና መስቀልም ይቻላል። ጥቅሙ የልደት ስጦታ ሬዲዮዎች እዚያ አለመድረሳቸው ነው፤ 4 ቁጥር ያወራልን ሕፃን እዚያ አይገባም። ጉዳቱ ሁለት ነው። አንዳንድ መደብሮችና የጊቢ በር ደወሎች ይጠቀሙበታል፣ የሚፈልግ ሰውም በርካሽ ስካነር፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲዎችን እያሰሰ በሚያዳምጥ ሬዲዮ፣ ይሰማዋል። ሞገዱ ረዘም ያለ ስለሆነ ደግሞ በጠባብ በርና መስኮት ወደ ቤዝመንት መግባት ላይ ከኤፍ አር ኤስ ይደክማል። ለጫካና ለሜዳ ግን ጥሩ ነው።

ከሁሉ የጠቀመኝ 21 ቁጥር ነው። ዲሲ ውስጥ ትልቅ ሆቴል ጥበቃ ላይ የሚሠራ ወንድም ነው። የእነሱ ሬዲዮ 900 ሜጋኸርትዝ ላይ የሚሠራ ዲጂታል ነው። የሞቶሮላ ዲ ቲ አር እና ዲ ኤል አር የሚባሉት ዓይነት። ከ902 እስከ 928 ባለው ውስጥ ያለማቋረጥ ከአንዱ ፍሪኩዌንሲ ወደ ሌላው ይዘላሉ፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ። ሁሉም ሬዲዮ የዝላዩን ቅደም ተከተል ስለሚያውቅ አብሮ ይዘላል። ተራ ስካነር ይዞ የቆመ ሰው ግን ቁርጥራጭ እንኳ አይደርሰውም። 1 ዋት ብቻ ነው፣ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ለድርጅትም ይሆናል። ቤዝመንት ውስጥ ከጠበቀው በላይ እንደሚገባ ከራሱ ሥራ ተናገረ። ከቡድኑ መሃል አንዱን ብቻ ለይቶ መጥራትም ይቻላል፤ ልጆች ክፍል ያለችውን እህት ስጠራ ፓርኪንግ ያሉት አይሰሙም ማለት ነው።

22 ቁጥር ደስ ብሎት፣ እንግዲህ የማይፈታ ሚስጥር አገኘን አለ። 21 ቁጥር ራሱ አረመው። መዝለል ማለት መቆለፍ አይደለም። ያንኑ ሞዴል የገዛ፣ የቡድን መለያ ቁጥሩንም ያመሳሰለ ሰው ይሰማል። ዲ ኤል አር ከፋብሪካ ሲወጣ መለያው 0000 ነው። ብዙ ሰው ሳይቀይረው ይጀምራል፤ ያኔ ከመንገድ ማዶ ያለ ሱቅ ተመሳሳይ ዕቃ ከያዘ ቤተኛ ይሆናል። መጀመሪያ ቁጥሩን ቀይሩ፣ ለሁሉም ሰው አትንገሩ፣ አስተባባሪው ጋ ይቀመጥ። እንዲህ ያለ ሰው ነው የምወደው፤ የሚያመሰግነውን ዕቃ ጉድለት የሚናገር።

የእውነት የተቆለፈ ድምፅ ለሚፈልግ ደግሞ 23 ቁጥር መንገዱን አሳየች። የድርጅቶች የሬዲዮ ፈቃድ አለ። የሃይማኖት ተቋማት ማመልከት እንደሚችሉ ሕጉ በስም ጠቅሷቸዋል። ፍሪኩዌንሲ አስተባባሪ በሚባሉ ድርጅቶች በኩል ይታያል፣ ለደብሩ ፍሪኩዌንሲ ይመደባል፣ ዲጂታል ሬዲዮ ላይ ኢንክሪፕሽን፣ ማለትም ቁልፉ የሌለው ሰው እንዳይሰማ ድምፁን መቆለፍም ይቻላል። ወጪውና ወረቀቱ ግን ቀላል አይደለም። ለትልቅ ካቴድራል ይሆናል፣ ለእኛ ይበዛል።

ዋጋው ነው ቀጥሎ ያነጋገረው። የ900ው ሬዲዮ አንዱ በመቶዎች ዶላር ነው፤ ከመደብሩ ጥንድ ጋር አይገናኝም። 24 ቁጥር በቀጥታ፣ በቤተ ክርስቲያን ገንዘብ መጫወት ነው አለኝ። ለኔ ነው የተናገረው፣ አልሸሸሁትም። ሁሉም አስተናጋጅ ውዱን መያዝ እንደማያስፈልገው መለስኩለት። ሦስተኛ መስመር ላይ ቦታ አለ ብሎ ለመናገር ሚስጥር አያስፈልግም። ሚስጥር የሚያስፈልገው ለልጆች ክፍል፣ ለዋናው በር፣ ለገንዘብ ቆጣሪዎችና ለአስተባባሪው ነው። እሱም ይህን ሲሰማ ለዘብ አለ፤ እንደዚያ ከሆነ እስማማለሁ ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ክሩ አገር ለቀቀ። 25 ቁጥር ከፍራንክፈርት፣ እነዚህን ሬዲዮዎች ወደ ጀርመን ቢያመጣቸው እንዴት እንደሚሆን ጠየቀ። 26 ቁጥር፣ እሱም ከዚያው፣ አታምጣ አለው። አውሮፓ ውስጥ ያለፈቃድ የሚሠራው ፒ ኤም አር 446 ነው፤ ግማሽ ዋት፣ 16 ቻናል። የአሜሪካው 462 እዚያ ለሌላ የተሰጠ ነው፣ የ900ውም አካባቢ የሞባይል ኔትወርክ ነው። 27 ቁጥር ደግሞ ለአዲስ አበባ ዘመዱ ሁለት ዎኪ ቶኪ ሻንጣ ውስጥ ሊያስገባ እንደሆነ ተናገረ። ሦስት ሰው ተሯሩጦ አስቆመው። የሬዲዮ መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባትና ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ተቆጣጣሪው በአዋጅ 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ያለ ወረቀት ቦሌ ጉምሩክ ላይ መያዝ ለዘመዱም ለሱም ጣጣ ነው። ልጁ ደንግጦ አመስግኖ ወጣ፤ እኔም ስለጠየቀ ደስ አለኝ።

30 ቁጥር ላይ አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት የጻፈችው ነገር ከዕቃ ምርጫው እኩል ያስፈልጋል። በምንም ሬዲዮ ቢሆን የልጅ ስም አትጥሩ አለች። እሷ ባለችበት ቦታ ወላጅ ልጁን ሲያስረክብ ቁጥር ያለው ካርድ ይሰጠዋል፣ ተመሳሳዩ ልጁ ጀርባ ላይ ይለጠፋል። በሬዲዮ የሚባለው 14 ቁጥር ወላጅ ይፈለጋል ብቻ ነው። ስም የለም፣ መኪና የለም፣ ያለቀሰበት ምክንያት የለም። ካርዱ ሳምንት ሳምንት ይቀየራል። ስለ ገንዘቡም፣ ሰዓቱና በሩ አስቀድሞ በቃል ይወሰን፣ በሬዲዮ ዝግጁ ነን ከማለት በላይ አይነገር አለች። 8 ቁጥር ብቅ ብሎ፣ ይሄ ዓይነት ቁጥር በጂ ኤም አር ኤስ ላይ የሚስጥር ንግግር ነው ሊባል እንደሚችል፣ ኤፍ አር ኤስ ላይ ግን ችግር እንደሌለው ጠቆመ። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው ይብዛልን።

የቀረው ስለ አያያዝ ነው፤ ጨዋታው ወደ መጨረሻ ስለቀዘቀዘ በአጭሩ ላልፈው። ቁልፉን ተጭናችሁ ትንሽ ቆዩና ተናገሩ፣ ካልሆነ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል። መጀመሪያ የምትጠሩትን፣ ቀጥሎ ራሳችሁን። ቅዳሴ ውስጥ ያለ ሰው ጆሮ ላይ የሚሰካ ማዳመጫ ይግዛ፤ ሬዲዮው ከጮኸ ሚስጥሩን ሁሉ ምእመናኑ ይሰሙታል። ማዳመጫው ደግሞ ዓይነቱ ይለያያል፣ አንዱ ባለ አንድ ሹል ነው፣ ሌላው ባለ ሁለት ሹል። ሬዲዮውን ሳያዩ ማዳመጫ የገዙ ሁለት ሰዎች እዚሁ ክር ላይ ተማረዋል።

ውሳኔያችንን 34 ቁጥር ላይ ጽፌዋለሁ። ፓርኪንግና ወጥ ቤት ተራውን ኤፍ አር ኤስ ይይዛሉ፤ ከ8 እስከ 14 ካሉት ቻናሎች በአንዱ፣ ኮድም ይኖረዋል፣ ግን ኮዱ የሌላውን ጫጫታ ለመከልከል ብቻ እንደሆነ ለሁሉም ተነግሯል። ለልጆች ክፍል፣ ለዋናው በር፣ ለቆጣሪዎቹና ለእኔ የ900ውን ዲጂታል እናያለን። ከመግዛታችን በፊት ለአንድ እሁድ እንከራያለን፤ ቤዝመንቱ ግድግዳው ወፍራም ሲሚንቶ ነው፣ የልጆቹ ክፍል ደግሞ ከቦይለሩ ጀርባ ነው። እዚያ ካልሰማ አልገዛውም። የካርዱን ሐሳብ ሰበካ ጉባኤው ተቀብሎታል፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ቁጥሮቹን እየጻፉ ነው።

35 ቁጥር፣ ኪራዩን ከየት እንደምናገኝ ጠየቀ። የመድረክና የዝግጅት ዕቃ የሚያከራዩ ቤቶች አሏቸው፤ ደውዬ ዋጋ ጠይቄያለሁ፣ መልሱን እዚሁ እለጥፋለሁ።